ዋስ ያለው ድረ ገጽ፤ ነጋዴው በኢንተርኔት ፍለጋ ፊተኛ ስለሚሆንበት መንገድ

በመርካቶ አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው ከጅምላ ነጋዴ ዘንድ ዕቃ በዱቤ ለመውሰድ በፈለገ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ማን ያውቅሃል?» የሚል ነው። ሰውየው ስለ ራሱ ታማኝነት ቀኑን ሙሉ ቢናገር ንግግሩ ብዙ ዋጋ አይኖረውም፤ በገበያው የተከበረ አንድ ነጋዴ «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ቢመሰክርለት ግን ዕቃው ያለ ብዙ ክርክር ይጫንለታል። የመስካሪው ክብር ከፍ ባለ መጠን የምስክርነቱ ዋጋም ከፍ ይላል፤ ለመጣው ሁሉ የሚመሰክር ሰው ቃል ግን ውሎ አድሮ ሰሚ ያጣል። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ሸማች ዕቃና ሻጭ የሚፈልግበት ጉግል የተባለው መፈለጊያ የተመሠረተው በዚሁ በታወቀው የገበያ ልማድ ላይ መሆኑን ያስተዋለ ነጋዴ ብዙ አይደለም።

ነገሩ በተለይ ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ቀላል አይደለም። በሐምቡርግ ወይም በሲያትል ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ከጉጂ ወይም ከይርጋ ጨፌ የመጣ የታጠበ ቡና ለመግዛት ባሰበ ጊዜ፣ የቀድሞው ዘመን ነጋዴ ያደርግ እንደ ነበረው ለኤምባሲ ደብዳቤ ጽፎ የላኪዎችን ስም ዝርዝር እስኪመጣለት አይጠብቅም። በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር ወይም በኪሱ በያዘው ስልክ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፍና በፊቱ የሚደረደረውን ዝርዝር ይመለከታል። ከዝርዝሩም ውስጥ ዓይኑ የሚያርፈው በፊተኞቹ ጥቂት ስሞች ላይ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ቡናውን ያጠበው፣ ያበጠረውና በጆንያ የሞላው ላኪ በአምስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ ሳለ፣ መጋዘኑን እንኳ አይቶ የማያውቅ የውጭ አገር ደላላ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቢገኝ፣ የገዢው ደብዳቤ የሚደርሰው ለደላላው ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ገዢው መኖሩን ያላወቀውን ላኪ ሊፈልገው አይችልም። ላኪውም ያጣው ገበያ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል።

ይህ ደረጃ በምን እንደሚወሰን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ። በ1995 እንደ ተከፈተው እንደ አልታቪስታ ያሉት የመጀመሪያዎቹ መፈለጊያዎች የአንድን ገጽ ተገቢነት የሚመዝኑት በአብዛኛው በገጹ ላይ በተጻፉት ቃላት ነበር። ስለ ጫማ ደጋግሞ የሚናገር ገጽ ለጫማ ፈላጊ የተሻለ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ብልጣብልጡ ነጋዴም ይህን እንዳወቀ «ጫማ» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ፣ ያውም በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም፣ በገጹ ግርጌ መጻፍ ጀመረ፤ አንባቢ አያየውም፣ መፈለጊያው ግን ይቈጥረዋል። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር እንደ ምስክርነት ሲቈጠር የሚሆነው ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሚስተር ላሪ ፔጅና ሚስተር ሰርጌ ብሪን ሌላ መንገድ አሰቡ። በ1996 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያ መፈለጊያቸው «ባክረብ» ይባል ነበር። በ1998 ሐሳባቸውን በጽሑፍ አውጥተው በአውስትራሊያ በብሪዝበን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመትም ጉግልን አቋቋሙ። ሐሳቡ በመሠረቱ ከሊቃውንት ዓለም የተወሰደ ነው። አንድ የሳይንስ ጽሑፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ ሌሎች ሊቃውንት ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት መቍጠር ይቻላል፤ አሜሪካዊው ዶክተር ዩጂን ጋርፊልድም በ1964 ይህን የሚያሳይ ታላቅ መዝገብ ማሳተም ጀምረው ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ወደ ድረ ገጽ አመጡት። አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማያያዣ፣ ማለት በተለምዶ ሊንክ የሚባለው ነገር፣ ሲያኖር ለዚያ ገጽ ድምፅ እንደ ሰጠ ወይም እንደ መሰከረ ይቈጠራል አሉ። ከሌላ ሰው ገጽ ወደ ነጋዴው ገጽ የሚመጣው ማያያዣም ባክሊንክ ይባላል።

ብልሃቱ ግን ድምፁን በመቍጠሩ ብቻ አልነበረም። በሚስተር ፔጅ ስም «ፔጅራንክ» የተባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ገጽ ክብደት ይሰጣል፤ ክብደቱም የሚገኘው ወደ እርሱ ከሚያመለክቱት ገጾች ክብደት ነው። ከፍ ያለ ክብደት ያለው ገጽ ሲያመለክት ከብዙ ተራ ገጾች ይበልጣል። እንደገናም አንድ ገጽ ያለው ክብደት ወደ ውጭ በሚያመለክትባቸው ማያያዣዎች ብዛት ይከፈላል፤ ስለዚህ አምስት ድርጅቶችን ብቻ የሚጠቅስ ገጽ ለእያንዳንዳቸው የሚያካፍለው ድርሻ፣ አምስት ሺህ ስም ከሚዘረዝር ገጽ ድርሻ እጅግ ይበልጣል። ለመጣው ሁሉ የሚመሰክር ሰው ቃሉ እንደሚረክስ ሁሉ ማለት ነው። ዘዴው በዩኒቨርሲቲው ስም የፈጠራ መብት ተሰጥቶት፣ ስታንፎርድ ለአዲሱ ኩባንያ ባከራየበት ዋጋ 1.8 ሚሊዮን አክሲዮን አገኘ፤ አክሲዮኖቹንም በ2005 ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ ወሰደ። ከሁለት ተማሪዎች ሒሳብ የወጣ ትርፍ ስለሆነ ነጋዴ ሁሉ በመገረም የሚያስበው ነው።

ምስክርነት ዋጋ ያለው ነገር ከሆነ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው መገኘቱ አይቀርም። ጉግል በታወቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማያያዣ የሚቸረችር አዲስ ንግድ ተፈጠረ። እርስ በርሳቸው የሚመሰካከሩ በሺህ የሚቈጠሩ ባዶ ገጾች ተሠሩ፤ ከእነዚህም ላይ ለነጋዴው በወር ኪራይ ማያያዣ ይሰጠው ነበር። የዚህ ንግድ ፍጻሜ ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በ2011 በአንድ ታላቅ የአሜሪካ መደብር ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ጄ. ሲ. ፔኒ የተባለው ድርጅት የተጀመረው በ1902 በዋዮሚንግ ግዛት በኬመረር ከተማ ሚስተር ጄምስ ካሽ ፔኒ በከፈቱት አንድ ሱቅ ነው። የሱቁ ስም «ወርቃማው ሕግ» ነበር፤ ለራስህ እንዲደረግልህ የምትወደውን ለሌላውም አድርግ ማለት ነው። ድርጅቱ እያደገ ሄዶ ከሺህ በላይ መደብሮች ያሉት ሆነ። በ2010 መጨረሻ፣ ፈረንጆች ለገና በዓል ብዙ ዕቃ በሚገዙበት ወራት፣ አንድ ሰው በጉግል ላይ «ቀሚስ»፣ «የአልጋ ልብስ» ወይም «ምንጣፍ» የሚል ቃል ቢጽፍ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይወጣ የነበረው የዚህ መደብር ስም ነበር። የጉዞ ሻንጣ በሠሪው በሳምሶናይት ስም እየጠራ ለሚፈልግ ሰው እንኳ ከሻንጣው ሠሪ ቀድሞ የሚወጣው ጄ. ሲ. ፔኒ ነበር።

ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ አንድ አዋቂ እንዲመረምርለት ጠየቀ። አዋቂውም ወደ መደብሩ የሚያመለክቱ ማያያዣዎች «የማታ ቀሚስ»፣ «የዘወትር ቀሚስ» የመሳሰሉትን ቃላት ይዘው ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ገጾች ላይ ተበትነው አገኘ። ገጾቹ ከቀሚስ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ስለ ውሾች፣ አንዳንዶቹ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሞች፣ ስለ እንቅልፍ ማንኮራፋት ሳይቀር የሚናገሩ ነበሩ። በማንኮራፋት ላይ የተጻፈ ገጽ ስለ ሴቶች ቀሚስ ምስክር ሆኖ መቆሙን ሰው ቢያየው ወዲያው ይስቅ ነበር፤ ማሽኑ ግን ለወራት ቈጥሮ ተቀበለው።

ጉዳዩ በየካቲት 2011 ለጉግል በተነገረ ጊዜ ቅጣቱ የመጣው በሰዓታት ውስጥ ነበር። በአንድ ረቡዕ ማታ በሻንጣው ፍለጋ አንደኛ የነበረው መደብር ከሁለት ሰዓት በኋላ 71ኛ ሆኖ ተገኘ። «የሳሎን ዕቃ» በሚለውም ፍለጋ ከአንደኛነት ወደ 68ኛ ወረደ። ጋዜጣው በ59 የፍለጋ ቃላት ባደረገው ክትትል፣ በወሩ መጀመሪያ 1.3 የነበረው አማካይ ደረጃ በወሩ አሥረኛ ቀን 52 ሆነ። ድርጅቱ ማያያዣዎቹ በእርሱ ፈቃድ እንዳልተደረጉ ገልጾ፣ ሥራውን ይዞለት የነበረውን አማካሪ ኩባንያ አሰናበተ። እውነት ሳያውቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነጋዴ ወኪሉ በስሙ በሚፈጽመው ነገር ተጠያቂ መሆኑ የቆየ የንግድ ሥርዓት ነውና፣ አለማወቁ ደረጃውን አልመለሰለትም፤ ከቅጣቱ ነፃ እስኪወጣ ሦስት ወር ያህል ፈጀበት።

በዚያው ወር ኦቨርስቶክ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ድርጅትም ተቀጣ። ይህኛው ገንዘብ አልከፈለም፤ የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጾች ወደ ዕቃዎቹ የሚያመለክቱ ማያያዣዎች ቢያኖሩለት ለተማሪዎችና ለመምህራን በመቶ አሥር ቅናሽ እንደሚያደርግ ነው የተስማማው። ጉግል ግን ቅናሹን እንደ ክፍያ ቈጠረው። ነጋዴው «ገንዘብ አልሰጠሁም» የሚለው መከላከያ እንደማያዋጣው ከዚህ ይታያል።

ለአበባ ላኪዎች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የኢንተርፍሎራ ታሪክ ነው። በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ የሚበቅለው ጽጌረዳ ከፍተኛ ገበያ የሚያገኘው ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን በሚሉት በየካቲት አጋማሽ ገደማ እንደሆነ ላኪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ኢንተርፍሎራ በብሪታንያ የታወቀ የአበባ ሻጭ ድርጅት ሲሆን፣ ለዚያ ሰሞን ገበያ ብሎ በብዙ የአውራጃ ጋዜጦች ድረ ገጾች ላይ ዜና የሚመስሉ ግን የተከፈለባቸው ጽሑፎች አወጣ፤ በጽሑፎቹም ውስጥ ወደ ራሱ የሚያመለክቱ ማያያዣዎች ነበሩ። በየካቲት 2013፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጉግል ድርጅቱን ከዝርዝሩ አወረደው። ሰው የድርጅቱን የራሱን ስም ጽፎ ቢፈልገው እንኳ አያገኘውም ነበር። ጽሑፎቹን ያወጡት ጋዜጦችም የክብደት ደረጃቸው ተቀነሰባቸው። ኢንተርፍሎራ በዚህ ጊዜ የሠራው ሥራ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ነው፤ ማያያዣዎቹ እንዲነሡ ለየድረ ገጾቹ ባለቤቶች እየጻፈ በ11 ቀን ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። የብሪታንያ የእናቶች ቀን፣ ሁለተኛው የአበባ ገበያ፣ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዚህ ታሪክ ጋዜጣ አሳታሚዎችም የሚያገኙት ትምህርት አለ፤ የተከፈለበትን ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው ብሎ በግልጽ አለማተም አንባቢን ከማሳሳቱ በላይ የራሳቸውን ክብደት የሚያስቀንስ ነው።

ጉግል ከእነዚህ ነገሮች በፊትም ሆነ በኋላ ሕጉን እያጠበቀ ሄዷል። በ2005 ከሌሎች መፈለጊያዎች ጋር ተስማምቶ «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት አወጣ፤ ይህ ምልክት ያለበት ማያያዣ እንደ ምስክርነት እንዳይቈጠር የሚያሳውቅ ነው። በ2019ም ለተከፈለባቸው ማያያዣዎች «ስፖንሰርድ» የሚል ሌላ ምልክት ተጨመረ። ማስታወቂያ መግዛት ስለዚህ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ማስታወቂያውን ምስክርነት አስመስሎ ማቅረብ ነው። በሚያዝያ 2012 «ፔንግዊን» የተባለው ለውጥ ወጥቶ፣ እንደ ጉግል አነጋገር ከእንግሊዝኛ ፍለጋዎች መካከል በመቶ 3.1 ያህሉን ነካ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ነጋዴው የማይፈልጋቸውን ማያያዣዎች «አላውቃቸውም» ብሎ የሚክድበት መሣሪያ ተሰጠው። ከመስከረም 2016 ወዲህ ደግሞ ፔንግዊን ሳያቋርጥ የሚሠራ ሆኖ፣ የሐሰት ማያያዣዎችን በአብዛኛው እንዳልነበሩ አድርጎ ያልፋቸዋል። ይህም ማለት ዛሬ ማያያዣ የሚገዛ ነጋዴ ቅጣት ባይደርስበት እንኳ ገንዘቡ ያለ አንዳች ፍሬ ይቀራል፤ መቅረቱንም የሚነግረው የለም። በዚህ ጸሐፊ ያልሆነ ማንም ሒሳብ ዐዋቂ ቢጠየቅ፣ ከቅጣቱ ይልቅ ይህ ዓይነቱ ስውር ኪሳራ የከፋ ነው ሳይል አይቀርም።

እንግዲህ ዕውነተኛው ምስክርነት ከወዴት ይገኛል? ለኢትዮጵያ ነጋዴ መልሱ ከሚገመተው ይልቅ ቅርብ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ደንበኛው ራሱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ ቡና ቆይዎች ቡናው ከየትኛው ወረዳና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ በድረ ገጻቸው ላይ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ ሸማቹ ይህን ለማወቅ ስለሚወድ ነው። ከእነዚህ ገጾች ብዙዎቹ ማጠቢያ ጣቢያውን ሲጠቅሱ የላኪውን ድረ ገጽ አያመለክቱም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቃቸውም፣ ወይም የሚያመለክቱበት የረባ ገጽ አላገኙም። ላኪው ስለዚያው ጣቢያ ከፍታውን፣ የአካባቢውን የዝናብ ወራት፣ የአለቃቀሙንና የአደራረቁን ሁኔታ ከጥሩ ፎቶግራፎች ጋር የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለገዢው በትሕትና ቢልክለት፣ ገዢው የሚያመለክተው ለራሱ አንባቢ ስለሚጠቅም ነው። ቡናን በሙያው ከሚያውቅ ድርጅት የተገኘ እንዲህ ያለ አንድ ማያያዣ ስለ ሁሉም ነገር ከሚያወሩ መቶ ገጾች ይበልጣል።

የውድድርና የትርኢት መዝገቦችም አሉ። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2020 በተደረገ ጊዜ የአሸናፊዎቹ ዝርዝር በዓለም ላይ ባሉ የቡና ድረ ገጾች ተነቧል፤ በዚህ ጊዜ የራሱ ገጽ ያለው ተወዳዳሪ ዝናውን የሚያሳርፍበት ቤት ነበረው፣ ገጽ የሌለው ግን ዝናው በሌላ ሰው ደጃፍ ቀረ። በዱባይ በሚደረገው የጋልፉድ የምግብ ትርኢት ወይም የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ትርኢት የሚሳተፍ ድርጅትም ለቦታው ኪራይ ሲከፍል በአዘጋጁ የተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚገባበት ቅጽ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የድረ ገጽ አድራሻ የሚለውን መስመር ባዶ ትቶ ቅጹን ይመልሳል። የሙያ ማኅበራት የአባላት ዝርዝርና የውጭ አገር ምስክር ወረቀት ሰጪዎች መዝገብም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ስም ስለሚዘረዝሩ የእያንዳንዱ ድርሻ ታላቅ ባይሆንም፣ ታማኝ ስለሆኑ አይናቁም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ግን ሰው ሳይለመን የሚጠቅሰው ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል በሞጆ የሚገኝ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ቢታሰብ፣ የባቲ የፍየል ሌጦና የሰላሌ የበግ ሌጦ በምን እንደሚለያዩ፣ የትኛው ለጓንት የትኛው ለጫማ እንደሚሻል፣ ሌጦ በአገፋፈፍና በአያያዝ ጊዜ የሚበላሸው በምን ምክንያት እንደሆነ ከፋብሪካው ባለሙያዎች የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ይህ ዕውቀት በጥሩ እንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ቢወጣ፣ በጣሊያን ያለ ጓንት ሠሪም ሆነ በአገር ውስጥ ያለ የኮሌጅ መምህር የሚያመለክትበት ገጽ ይሆናል። በአብዛኞቹ የድርጅት ድረ ገጾች ላይ የሚገኘው ግን «ድርጅታችን በጥራት የታወቀ ነው» የሚል ሦስት መስመርና የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ ነው። ይህን ማንም አይጠቅሰውም፤ የሚጠቀስ ነገር የለበትምና።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆችም በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ የሚያስመጡበትን ድርጅት በገጻቸው ላይ ቢጠቅሱ ለላኪው ቀላል ያልሆነ ምስክርነት ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለሸረሪት ድር ብቻ አይደለም። ነገር ግን «አንተ ለእኔ አኑር፣ እኔም ለአንተ ላኑር» በሚል ስምምነት ብቻ የተሠራ የማያያዣ ልውውጥ ከመጠን ሲያልፍ ጉግል እንደ ማታለል የሚቈጥረው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መለያው አስቸጋሪ አይደለም፤ መፈለጊያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ባይኖር ኖሮ ያ ማያያዣ ለአንባቢ ይጠቅም ነበር ወይስ አይጠቅምም ብሎ መጠየቅ ነው።

ለኢትዮጵያ ድርጅቶች ብቻ የሚመስል አንድ ችግር ደግሞ አለ፤ እርሱም የስም አጻጻፍ ነው። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ጸሐፊ በራሱ ጆሮ ይጽፈዋል። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም አንድ ጊዜ ተለያይቶ፣ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ፣ አንድ ጊዜ በአንድ «ፍ» አንድ ጊዜ በሁለት ይገኛል። የድርጅትም ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በጆንያው ላይ በሌላ፣ በድረ ገጹ ላይ በሦስተኛ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ አንዱ ድርጅት የተጻፈው መልካም ነገር ስለ ሦስት ድርጅቶች የተጻፈ ይመስላል። ባለቤቱ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በሰነድ፣ በከረጢትና በኢሜይል ሁሉ እርሱን ብቻ ቢጠቀም ያለ ምንም ወጪ ብዙ ያተርፋል።

በቅርብ ዓመታት ብዙ ነጋዴ የራሱን ድረ ገጽ ትቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ መሥራት ይዟል። ለአገር ውስጥ ሽያጭ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ሰው ወደ ፌስቡክ ገጹ ባመለከተ ቍጥር ምስክርነቱ የሚጠራቀመው በሌላ ሰው ቤት ስም ነው። ቤቱ ቢዘጋ ወይም ደንቡ ቢለወጥ ተከራዩ ይዞት የሚወጣው ነገር የለም።

ማያያዣ እንሸጣለን የሚሉ ደብዳቤዎች ድረ ገጽ ላለው ነጋዴ ሁሉ በኢሜይል ይደርሱታል። አብዛኞቹ የሚያቀርቡት ማስረጃ «ዶሜይን ኦቶሪቲ» የሚባል ከመቶ የሚሰጥ ቍጥር ነው። ይህን ቍጥር የሚያወጣው ሞዝ የተባለ የግል ኩባንያ እንጂ ጉግል አይደለም፤ ጉግልም ለደረጃ አሰጣጡ እንደማይጠቀምበት አስታውቋል። ጉግል ራሱ ለሕዝብ ያሳይ የነበረውን የፔጅራንክ ቍጥር ከ2016 ወዲህ አንሥቶታል። ወደ ድረ ገጹ የሚያመለክቱት እነማን እንደሆኑ ለማየት የሚፈልግ ነጋዴ ግን «ሰርች ኮንሶል» በሚባለው የጉግል መሣሪያ ያለ ክፍያ ሊያይ ይችላል፤ ከደላላ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ይህን ቢከፍት ይሻለዋል።

የማያያዣ ጕልበት ከቀድሞው መቀነሱም ሊሸሸግ አይገባም። በ2023 ከጉግል ባለሙያዎች አንዱ ሚስተር ጋሪ ኢሊየስ ሰዎች የማያያዣን ጥቅም ከመጠን በላይ እንደሚገምቱት፣ ደረጃን ከሚወስኑት ሦስት ዋና ነገሮች መካከልም እንደማይቈጥሩት ተናግረዋል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጉግል ለብዙ ጥያቄዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከዝርዝሩ በላይ ማቅረብ ጀምሯል። ያም ሆኖ መልሱ የሚለቀመው ከድረ ገጾች ነውና፣ በሚታመኑ ሰዎች ያልተጠቀሰ ነጋዴ በአዲሱም መንገድ ቢሆን ቀላል ጕዞ አይጠብቀውም።

የተገኘውን ምስክርነት አለመጣልም አንድ ሥራ ነው። ብዙ ድርጅት ድረ ገጹን በአዲስ መልክ ሲያሠራ የየገጾቹ አድራሻ ይለወጥና ለዓመታት የተጠራቀሙት ማያያዣዎች ወደ ሌለ በር ያመለክታሉ። ሱቅ የለወጠ ነጋዴ በአሮጌው በር ላይ ወረቀት እንደሚለጥፍ ሁሉ፣ በባለሙያዎች ዘንድ በቍጥሩ 301 የሚባል ቋሚ ማዛወሪያ አለ፤ ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ይህን ሳያደርግ ሥራውን ቢያስረክብ ቀሪው ሒሳቡ ሊከፈለው አይገባም።

ከዚህ የከፋው የአድራሻው ምዝገባ ሳይታደስ መቅረቱ ነው። ክፍያው በዓመት ጥቂት ዶላር ቢሆንም በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል ይዘነጋል ወይም ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜም አድራሻው የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ሳይሆን ድረ ገጹን በሠራው ወጣት ስም ነው፤ ወጣቱም ሥራ ለውጦ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ይሆናል። የተተወ አድራሻ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ጉግል በመጋቢት 2024 በስም ጠቅሶ የከለከለው አንዱ ማታለል ይኸው የሌላውን የቀድሞ ስም ገዝቶ በተጠራቀመለት ምስክርነት መነገድ ነው። ክልከላው ገዢውን ይቀጣው እንደሆነ እንጂ ለቀድሞው ባለቤት የሚመልስለት ነገር የለም። ስለሆነም ምዝገባው በድርጅቱ በራሱ ስም እንዲዛወር ማድረግ፣ የማሳደሻውንም ቀን ከንግድ ፈቃዱ ማሳደሻ ቀን ጋር በሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።